ራቱን በአንደበቱ

በወሎ ደጋ ዶሮ ሳይጮህ የነቃ ሰው አልፎ አልፎ ከአጥሩ ውጭ ዜማ ይሰማል። ወንድና ሴት ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ባልና ሚስት። ጋቢያቸውን ተከናንበው ከደጁ ቆመዋል። ሴቲቱ አንዲቱን አጭር ዜማ እየመላለሰች ታንጎራጉራለች፤ ወንዱ በዚያ ላይ ግጥሙን ይደረድራል። የቤቱን ጌታ በስሙ ይጠራዋል። አባቱን ያነሣል፣ ልጁን ያነሣል፣ ሰሞኑን የወለደችለትን ላም ሳይቀር ያነሣል። ባለቤቱ አልጋው ላይ እንዳለ ፈገግ ይላል፤ ይህን ሁሉ ማን ነገራቸው? እህል ወይም ሳንቲም ይዞ ከወጣ ምርቃቱ ይዘንብለታል። ለጥ ብሎ ከተኛ ግን ግጥሙ መዞር ይጀምራል፤ ስስቱን ለጎረቤት የሚያሰማ፣ ለዛ ያለው ነቆራ ይከተላል። ፀሐይ ስትወጣ ሁለቱም የሉም።

ላሊበላ ይባላሉ፤ ሀሚና የሚላቸውም አለ። ዜማውን የተወ ሰው የሥጋ ደዌ ይይዘዋል የሚል እምነት ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድ ስለኖረ፣ ቤትና መሬት ያለው እንኳ በየዓመቱ ጥቂት ጊዜ ወጥቶ ያዜማል ይባላል። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ኬይ ካፍማን ሸሌሜይ ስለእነሱ ጽፋለች። ይህችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው ግን በጎንደር አካባቢ የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑትን የቤተ እስራኤልን የጸሎት ዜማ ልታጠና ነበር። አንዲት ሴት በአንድ አገር ውስጥ የሁለቱንም ድምፅ ማድመጧ ለዚህ ምዕራፍ ጥሩ መነሻ ነው፤ የምዕራፉ ነገርም በሁለቱ መካከል የሚሄድ ነውና።

«ይህን ሁሉ ማን ነገራቸው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው፤ ጠይቀው ነው። ማታውኑ ሰፈር ይገባሉ፤ ዘበኛውን፣ ባለሱቁን፣ ውሃ የምትቀዳዋን ልጅ ያዋያሉ። የማን ቤት ነው? ስሙ ማን ነው? ልጅ አለው? ምን ይወዳል? ጠዋት የሚሰማው ግጥም ግማሹ ሥራ ማታ ያለቀ ነው። ሳይጋበዙ የመጡ፣ የሚሸጡት ዕቃ የሌላቸው፣ እንቅልፉ ካልጠገበ ሰው ጆሮ የሚለምኑ ሰዎች ናቸው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው አድማጩን ሳያውቅ አፉን አይከፍትም።

የቀልድ ነጋሪነት ጥበብ ከዚህ ይጀምራል። መድረክ፣ መጋረጃና ትኬት ሳይኖር በፊት፣ ራቱን በአንደበቱ የሚያገኝ ሰው ነበር። ቃሉ ካልጣመ ጦሙን ያድራል። የላስታው አዝማሪ፣ የዋድላው የቆሎ ተማሪ፣ የጎንደሩ አለቃ፣ በዩክሬን መንደሮች የሚዞረው አይሁዳዊ ተረበኛና በኒውዮርክ ሆቴሎች ውስጥ ያደገው ኮሜዲያን በቋንቋም በሃይማኖትም አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ራቱ ነው፤ የአነጋገራቸው መልክም ከዚያው የመጣ ነው።

በላስታዋ ላሊበላ ከተማ ውስጥ ይህን ጥበብ በቅርብ ለማየት ጠጅ ቤት መግባት ይበቃል። ብርሌው ይመጣል። አዝማሪው መሰንቆውን ትከሻው ላይ አንግቦ በወንበሮቹ መካከል ይመላለሳል። መሣሪያው አንድ ክር ብቻ ነው፤ ከፈረስ ጭራ ተገምዶ፣ ቆዳ በተወጠረበት ባለአራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥን ላይ ተዘርግቷል። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። አዝማሪው ከአንድ እንግዳ ፊት ሲደርስ ይቆማል፤ ደጋኑ ግን አይቆምም። ዝም ያለ ቢመስልም እያነበበ ነው። ጫማውን ያያል፤ አብራው የተቀመጠችውን ያያል፤ ከአስተናጋጇ ጋር ሲነጋገር የሰማውን የአገር ቤት ለዛ ያስታውሳል። ስሙን ጠይቆ በመጀመሪያው ስንኝ ያስገባዋል። ያ ስንኝ ውዳሴ ነው፤ የሚያስቅ ነገር የለበትም። እንግዳው ትከሻውን ሰፋ አድርጎ ደስታውን ሲያሳይ ሁለተኛው ይመጣል፤ ቤቱም ይስቃል። ያለመጀመሪያው ስንኝ ሁለተኛው አይሠራም። ውዳሴው ጊዜ መግዣ ነው፤ አድማጩን ቀና አድርጎ የሚያስቀምጥ፣ ጎኑን ለጉሸማው የሚያመቻች።

ደግሞ ጠጪው ራሱ የሚናገርበት ጊዜ አለ። «ተቀበል!» ይላል አንዱ ከጥግ። አዝማሪው ይጠጋል፤ ሰውየው ስንኙን በቃሉ ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ መልሶ ለቤቱ ያሰማል። በላስታ ጠጅ ቤት ኮሜዲያን አንድ ሰው ብቻ አይደለም። አድማጩም እጁን ያስገባል፤ ሳይዘጋጅ የመጣ ሰው ደፍሮ ሁለት ስንኝ ይጥላል፣ ቢያምርለት ሳምንቱን ሙሉ ይወራለታል። የከተማዋ ቱሪዝም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በኮሮና፣ ከዚያም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋ ድረስ በዘለቀው ጦርነት ሲመታ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አስጎብኚዎችና ከሆቴሎቹ ጋር ይህም ቤት ተመትቷል። የአዝማሪ ገቢ ከፊቱ ከተቀመጠው ሰው ኪስ የሚወጣ ነው፤ ሰው ሲጠፋ የሚደጉመው ሌላ የለም።

ከላሊበላ በስተደቡብ፣ ከመቄት ማዶ ዋድላ አለ። የግዕዝ ቅኔ ሦስት ትልልቅ ቤቶች አሉት፤ ዋሸራና ጎንጅ ጎጃም ውስጥ ሲሆኑ ሦስተኛው ዋድላ ነው። የቅኔ ተማሪ ሕይወት የኮሜዲያን ትምህርት ቤት ሆና ታስባ አታውቅም፤ ነገር ግን ቀረብ ብሎ ላያት በትክክል እሷው ናት። ልጁ ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ያገኘውን ቁራሽ በልቶ ለመምህሩ ቅኔ ይቆጥራል። ቅኔው በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት፤ የትናንቱን መድገም አይፈቀድም። በሁለት ቤት ከሚያልቀው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ ወደ ረዣዥሞቹ ይወጣል። መምህሩ ሲሰሙ የሚፈልጉት ከላይ ያለውን አይደለም። የተሸሸገውን ነገር ተማሪው የት እንዳስቀመጠውና አድማጩ በራሱ እግር ሄዶ እንዲያገኘው መንገዱን ማበጀቱን ነው። ተማሪው ሁሉን ካፈረጠው ነገሩ ተበላሸ። ጨርሶ ከደበቀውም ማንም አያገኘውም።

ከዚህ ዓይነቱ ትምህርት ከወጡት ሁሉ በአማርኛ ተናጋሪ አፍ ላይ እንደ አለቃ ገብረ ሐና የቆየ የለም። የፎገራ ሰው ናቸው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የኖሩ። በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ስማቸው በቀልድ ብቻ አይጠራም። በልጃቸው በተክሌ ስም የሚታወቀውን፣ ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ የሚመሰከርበትን የተክሌ አቋቋም ያፈለቁት እሳቸው ናቸው፤ የዝማሜውን ውዝዋዜ ከጣና ዳር ደንገል እንቅስቃሴ እንደወሰዱት ይተረካል። እንዲህ ያለ ሊቅ በየቤቱ ሲጋበዝ ግን ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር። ዛሬ ምን ይሉ ይሆን?

ከሚነገሩላቸው አንዱን ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። አለቃ ከአንዲት እመቤት ቤት ተጋብዘዋል። እጅ ታጠበ፤ መሶቡ ቀረበ። ክዳኑ ሲነሣ አይጥ ከውስጥ ብድግ ብላ ዘለለችና ጥጓን ይዛ ተሰወረች። ያዩዋት አለቃ ብቻ ናቸው። ምንም አላሉም። ባርከው ጥቂት ቀማመሱና እጃቸውን ሰበሰቡ። እመቤቲቱ ደነገጡ።

«ምነው አለቃ? አልጣመዎትም እንዴ? በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ!»

«ኧረ ይበቃኛል እመቤቴ። የእርስዎ ቤት ምግብ እንደሆነ መቼም አይጠገብ ነው።»

እመቤቲቱ ደስ አላቸው፤ አመሰገኑም። አለቃም መርቀው ወጡ። ነገሩን በጆሮው ያሳደረ እንግዳ ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ አይጧን ያገኛታል።

ይህን ታሪክ አሥር ሰው በአሥር መንገድ ይነግረዋል። አንዱ እመቤቲቱን ወይዘሮ ያደርጋቸዋል፣ ሌላው የአገር ገዥ ሚስት። አንዱ ወጡን ዶሮ ያደርገዋል። መጨረሻዋ ቃል ግን አትነካም፤ ሁሉም እሷ ላይ ለመድረስ ይሄዳሉ። መሶቡ፣ እጅ መታጠቡ፣ «በሞቴ» የሚለው ልመና፣ የሊቁ ትሕትና ባይኖር ቃሏ ባዶ ናት። ደግሞ ማንም አልተዋረደም። እመቤቲቱ ተመስግነዋል፤ አለቃ ጨዋነታቸው አልጎደለም፤ የአይጧም እውነት ተነግሯል። በሰው ማዕድ ተቀምጦ ባለቤቱን ሳያስቀይሙ እውነቱን መናገር ትልቅ ችሎታ ነው። በሰው ማዕድ የሚኖር ሰው ይህን ሳያውቅ ብዙ አይቆይም።

አሁን ወደ ሩቅ አገር እንሻገር። ዛሬ ዩክሬን በሚባለው ምድር፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ ኦስትሮፖል ከምትባል መንደር የወጣ ኸርሽሌ የሚባል አይሁዳዊ ነበር። መዥቢዥ በምትባል ከተማ የሚኖሩት ረቢ ባሩኽ በኀዘንና በቁጣ የሚጠቁ ሰው ነበሩና፣ እሳቸውን የማሳቅ ሥራ ለኸርሽሌ ተሰጠው። ደሃ ነው፤ ልጆቹ ይራባሉ፤ ያለው ምላሱ ብቻ ነው። ስለእሱ ከሚነገሩት ሁሉ የታወቀችው ታሪክ ደግሞ ስለ ራት ነች።

ኸርሽሌ መንገድ ላይ መሸበት። ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ ደረሰ። ባልየው የለም፤ ሚስቲቱ ምድጃዋን አጥፍታ ልትተኛ ነው። የሚበላ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። የለም አለችው። ቁራሽ ዳቦስ? የለም። ትንሽ ሾርባ? «የለም አልኩህ እኮ!» ኸርሽሌ ተነሣ። በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደድ ጀመር። ጡጫውን ጨበጠ፤ ዓይኑን አጉረጠረጠ። «እንግዲያው» አለ በወፍራም ድምፅ፣ «እንግዲያው አባቴ ያደረገውን ማድረጌ ነው!» ሴትየዋ ራደች። ባሏ የለም፤ ጎረቤት ሩቅ ነው፤ የዚህ ሰው አባት ምን አድርጎ ይሆን? ነፍስ አጥፍቶ? ቤት አቃጥሎ? ሮጣ እሳቱን አቀጣጠለች። ዶሮው ወጣ፤ ዳቦው ወጣ፤ ሾርባው ተሞቀ። ኸርሽሌ እስኪጠግብ በላ፤ ጺሙን ጠራረገ፤ ተመስገን አለ። ፊቱ ሲፈታ ሴትየዋ ድፍረት አገኘች። «ለመሆኑ አባትህ ምን አድርጎ ነው?»

«አባቴማ» አለ ኸርሽሌ፣ «ራት ያጣ ቀን ጦሙን ይተኛ ነበር።»

የኸርሽሌን ታሪክ ወደ ላስታ ያመጣ ሰው ብዙ የሚቀይረው የለም። ማረፊያውን የባላገር ጎጆ፣ ልመናውን «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ቢያደርገው ይበቃል። ታሪኩ የቆመው በሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛው የሴትየዋ ፍርሃት ነው። ነጋሪው ጊዜ ወስዶ ፍርሃቷን በአድማጩ ልብ ውስጥ ካላሳደገው መጨረሻው ይከሽፋል። ሁለተኛው፣ ኸርሽሌ አልዋሸም። የማስፈራሪያው ቃል ከዳር እስከ ዳር እውነት ነው፤ ውሸቱን የጨመረችው ሴትየዋ ናት። አለቃም በማዕዱ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረው የቀረውን ለሰሚው ተዉለት።

በምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ሠርግ ላይ ባድኸን የሚባል ባለሙያ ነበር። ሙሽራይቱ ወደ ሥርዓቱ ከመግባቷ በፊት ቤት በሚመታ ግጥም ያስለቅሳታል፤ ልጅነቷ እንዳለፈ፣ ከእናቷ ቤት እንደወጣች ይነግራታል። ከዚያ ዞሮ ሠርገኛውን ያስቃል፤ ስጦታ ሰጪዎችን በስማቸው እየጠራ ይሸነቁጣል። ይህን ሥራ ለአንድ የወሎ አዝማሪ ብንገልጽለት ሙያውን ወዲያው የሚያውቀው ይመስለናል፤ ለሠርጉም ለኀዘኑም ቃል የሚያወጣ ሰው ነውና።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ሁለት ሚሊዮን ያህል አይሁድ ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ይህ ሁሉ በአፋቸው አብሯቸው ሄደ። ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን የካትስኪል ተራሮች አሉ። ብዙ ሆቴሎች «አይሁድ አናስተናግድም» ይሉ በነበረበት ዘመን አይሁድ ራሳቸው እዚያ ሆቴል ሠሩ፤ እንደ ግሮሲንገርና ኮንኮርድ ያሉት እጅግ ታላላቅ ሆኑ። የሙቀቱን ወራት ሊያሳልፍ የመጣው የልብስ ሰፊና የባለሱቅ ቤተሰብ ራቱን ከበላ በኋላ መሳቅ ይፈልጋል። በእነዚህ አዳራሾች አንድ ትውልድ ኮሜዲያን ተኮተኮተ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ታይም መጽሔት ከአሜሪካ ኮሜዲያን 80 በመቶ ያህሉ አይሁድ እንደነበሩ የሚገልጽ ግምት አውጥቷል፤ ከአገሩ ሕዝብ ግን አይሁድ 3 በመቶ ያህል ነበሩ።

ከእነዚያ መካከል አንድ መስመር ብቻ እየወረወሩ የሚያስቁ ነበሩ፤ ሄኒ ያንግማን የዚያ ጌታ ነበር። በዚህ ምዕራፍ የሚወደሱት ግን ሌሎቹ ናቸው፤ ታሪክ ነጋሪዎቹ። ማይረን ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1902 ግሮድኖ ተወለደ፤ በልጅነቱ ኒውዮርክ ደረሰ፤ ሐር ጨርቅ ሻጭ ሆነ። ገዢዎቹን ለማለስለስ ታሪክ ይነግራቸው ነበር። ጨርቁን ትተው ታሪኩን ለመስማት የሚመጡት ሲበዙ ሙያውን ቀየረ። መድረክ ላይ እንደ ባንክ ሠራተኛ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይቸኩል ይናገራል። በጣም የታወቀለት ታሪክ እንዲህ ነው። አንድ ባል ሳይታሰብ ቤቱ ይመጣል። ይጠረጥራል። ክፍሉን ሁሉ ይፈትሻል፤ አልጋ ሥር ያያል፤ በመጨረሻ የልብስ ቁም ሣጥኑን ሲከፍት አንድ ትንሽ ሰውዬ ቆሟል። «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ይላል ባልየው። ሰውየውም በትሕትና፣ «ሰው እኮ አንድ ቦታ መሆኑ አይቀርም» ይለዋል። ይህ መልስ ፍልስፍና ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም፤ ለጥያቄውም ምንም አይመልስም። ባልየው በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ ያለፈችው እያንዳንዷ ደቂቃ ለዚህች መልስ የተከፈለች ዋጋ ናት።

ሳም ሌቨንሰን ብሩክሊን ውስጥ የስፓኒሽ ቋንቋ መምህር ነበር። የሚያወራው ስለ እናቱና አባቱ፣ ስለ ጠባቡ ቤታቸው፣ በድህነት ስላደጉት ወንድሞቹ ነው፤ በማንም ላይ አይሳለቅም። እ.ኤ.አ. በ1928 ተወልዶ በ2021 ያረፈው ጃኪ ሜሰን ደግሞ ረቢ ነበር፤ አባቱም አያቱም ረቢዎች። በ25 ዓመቱ ተሹሞ በምኩራብ አገለገለ፤ ስብከቱ ውስጥ ቀልዱ እየበዛ ሄደ፤ በመጨረሻ ምኩራቡን ትቶ መድረኩን ያዘ። እሱን ያሳደገው የታልሙድ (የአይሁድ ሕግና ትርጓሜ መጽሐፍ) ትምህርት ሁለት ተማሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ጽሑፉን በዜማ እያነበቡ፣ አንዱ የሌላውን ቃል እየያዘ የሚከራከሩበት ነው። ጥያቄን በጥያቄ መመለስ እዚያ ነውር አይደለም፤ ትምህርቱ ራሱ ነው። የሜሰንን አነጋገር የሰማ ሰው ይህን ክርክር ብቻውን ሆኖ ሲያካሂድ ይሰማዋል። ከመጽሐፍ ቤት የወጣ ሊቅ ሰውን ሲያስቅ ማየት ለዋድላና ለጎንደር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ኃይለኞች ይህን ዓይነት ሰው ይወዱታልም ይፈሩታልም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች ከሊቃውንትና ከመነኮሳት ጋር ለይተው ያሳደዷቸውና የገደሏቸው ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና ተረት ነጋሪ አዝማሪዎችን ነው። መሰንቆ የያዘ ሰው ጠመንጃ ከያዘው ጋር እኩል ተቆጠረ። ከዚያ አስቀድሞም ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እንስሳትን እያናገረ ሹማምንትን የሚወቅሰውን «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ባሳዩ ጊዜ ቤተ መንግሥቱ አልወደደውም፤ ቴአትሩ ታገደ።

በከተማ መድረክ ይህ ጥበብ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። በቴአትር ቤት ሴት ተዋናይ በሌለበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወት የነበረው ተስፋዬ ሣህሉ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ልጆችን ሰብስቦ ተረት መንገር ያዘ፤ አባባ ተስፋዬ ሆነ። ከ40 ዓመት በላይ አላቋረጠም። ጅቡን በጅብ ድምፅ፣ አህያዋን በአህያ ድምፅ ያናግራል፤ ግን ከድምፁ ይልቅ ዝምታው ነው የሚያስደንቀው። ጅቡ በር ላይ ሲደርስ ንግግሩን ያቆማል። ልጆቹም ትንፋሻቸውን ያቆማሉ።

ከዚያ ካሴቱ መጣ። በ1980ዎቹና ከዚያ ወዲህ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በጥንድ፣ ተስፋዬ ካሳ ለብቻው፣ ቀልድን ከአዲስ አበባ መድረክ አውጥተው ወደ ክፍለ ሀገር አሻገሩት። ወደ ወልድያ በሚወጣ አውቶቡስ ውስጥ ሹፌሩ ካሴቱን ሲከት፣ የማይተዋወቁ ተሳፋሪዎች በአንድ ቦታ ላይ ይስቁ ነበር። የባላገሩና የከተሜው ጭውውት፣ የዕድርተኛው ክርክር፣ የሰካራሙ ንግግር ለሁሉም የታወቀ ነበር። አለባቸው ተካ በኋላ «አለቤ ሾው»ን ይዞ ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርብ፣ እንግዶቹን የሚያወያየው ሠርግ ቤት እንደተቀመጠ አጫዋች ነበር። በመኪና አደጋ ሲሞት አገር ያዘነለትም በዚህ ነው። የካሴቱ ዘመን አንድ ነገር አጎደለ፤ አድማጩ «ተቀበል» ማለት አይችልም። የዛሬው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ደግሞ የሚያጎድለው ሌላ ነው። መሶቡ ቀርቦ፣ እጅ ታጥቦ፣ ልመናው ተሰምቶ ሳያልቅ ጊዜው ያልቃል፤ ስለዚህ ሰሪው መጨረሻዋን ቃል ብቻ ቆርጦ ይሰጣል። ይህ ኪሳራ ነው። አንድ የላስታ ሽማግሌ ስለ ጠፋች በቅሎ ሲያወራ ከአያቱ ጋብቻ የሚነሣው ጊዜ ስለተረፈው አይደለም፤ በቅሎዋ ስትገኝ አድማጩ እንዲስቅ አያቱን ማወቅ ስላለበት ነው። ይህን ሽማግሌ በስልክ የሚቀርጽ ወጣት «ወደ ነገሩ ግባ» ብሎ ባያቋርጠው ለልጆቹ ትልቅ ነገር ያቆይላቸዋል።

ሁለቱ መንገዶች፣ የአማርኛውና የአይሁዱ፣ በአንድ ሰው ላይ የተገናኙበት ጊዜ አለ። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት በቆየው ዘመቻ ሙሴ 8 ሺህ ያህል ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከዚያ በፊት በእግር ወደ ሱዳን በተደረገው ጉዞና በመጠለያዎቹ ውስጥ 4 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። በልጅነታቸው ያን መንገድ በእግር ከሄዱት አንዱ ዮሲ ቫሳ ነው። አድጎ ተዋናይና ጸሐፊ ሆነ፤ ከሻይ ቤን አታር ጋር ለአንድ ሰው የሚሆን ዝግጅት ጽፎ ብቻውን መድረክ ላይ ቆመ። የዝግጅቱ ርዕስ «በአማርኛ ሲሆን የተሻለ ይሰማል» የሚል ነው።

ታሪኩ ከኢትዮጵያ መንደር ይነሣል፣ በሱዳን ያልፋል፣ እስራኤል ይደርሳል። የሚናገረው በዕብራይስጥ ነው፤ ለውጭ አገር ተመልካችም በእንግሊዝኛ አቅርቦታል። ሰው የሞተበትን መንገድ በቀልድ መንገር ከባድ ነው። ቫሳ ያንን የሚችለው የልጁን ዓይን ስለማይለቅ ነው፤ ልጅ በረሃውንም አውሮፕላኑንም የሚያየው በመገረም ነው። አድማጩ ከልጁ ጋር እየሳቀ ስለሚሄድ፣ ሞት ሲመጣ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ያገኘዋል። ባድኸኑ ሙሽራይቱን አስለቅሶ ያስቃል፤ ቫሳ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

ከዚያ ሁለቱ ጸሐፍት «ነቭሱ» የሚል የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሠሩ። ጊሊ የተባለ ኢትዮጵያዊ እስራኤላዊና ከአውሮፓ አይሁድ ቤተሰብ የተወለደችው ሚስቱ ታማር፣ በሁለቱ ወላጆች መካከል የሚኖሩትን ኑሮ ያሳያል። የምሥራቅ አውሮፓ ልጆችና የጎንደር ልጆች በአንድ ማዕድ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ወገን ሁሉን ይናገራል፣ ሌላው ወገን ትሕትናውን ጠብቆ አንድ ቃል ይጥላል፣ ሳቁም ከዚያ መካከል ይወጣል። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ተከታታዩ የዓለም አቀፍ ኤሚ ሽልማትን በኮሜዲ ዘርፍ አሸነፈ። ሽልማቱ የተሰጠው ማይረን ኮኸን ሐር እየሸጠ ለገዢዎቹ ታሪክ ይነግርባት በነበረችው በኒውዮርክ ከተማ ነው።